ልጅ ታቅፌ የጁሪ ደብዳቤ ደረሰኝ

ደብዳቤው የመጣው በፈረንጆቹ 2016፣ ኦክቶበር ላይ ነው። ትንሹ ልጄ ሰባት ወሩ ነበር። ጡት ይጠባል፣ ጡጦ ከነጭራሹ አይነካም። ትልቋ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ማታ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ፖስታውን የከፈትኩት በአንድ እጄ ነው፤ በሌላው ልጁን ታቅፌያለሁ። እሱ የፖስታውን ጫፍ ይዞ አፉ ውስጥ ከተተው። እኔ ደግሞ ‹‹ጁሪ›› የምትለዋን ቃል ሳይ ክው አልኩ።

የፍርድ ቤት ወረቀት ቤት ሲገባ የምንደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ከፍርድ ቤት መጥሪያ የሚመጣለት ሰው ወይ ተከሷል፣ ወይ ምስክር ተቆጥሯል፣ ወይ የቤትና የመሬት ጣጣ አለበት። ተራ ሰው ከቤቱ ተጠርቶ ‹‹ና ፍረድ›› የሚባልበት አሠራር የለም። ፍርድ የዳኛ፣ እርቅ የሽማግሌ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ተራ ሰዎች ተጠርተው ክርክር ሰምተው የሚፈርዱበት አሠራር አለ፤ ጁሪ የሚባለው እሱ ነው። አንድ ቀን ፖስታ ሳጥንሽን ስትከፍቺ ጥሪው ውስጡ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ይህን የምጽፈው ያኔ እንደኔ ልጅ ታቅፋ፣ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ አስቀምጣ፣ ሌሊት እንቅልፍ ላጣች እናት ነው። አባትም ከሆንክ አንብበው፤ ሕጉ ለሁለታችሁም እኩል ነው።

ወረቀቱን ለአሥር ቀን ያህል አልነካሁትም። ባለቤቴን ሳማክረው ‹‹ቆይ ሰው እንጠይቅ›› አለ። ሰው ጠየቅን። አንዷ ጓደኛዬ ‹‹ጣይው እባክሽ! እኔ ሁለት ጊዜ መጥቶልኝ ጥዬዋለሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም›› አለችኝ። ሌላዋ ‹‹እንግሊዝኛ አልችልም ብለሽ ላኪላቸው›› አለች። ለቡና የተሰበሰብነው ሰዎች ሁላችንም የየራሳችን ምክር ነበረን። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

የጓደኞቼ ምክር ከክፋት አልነበረም። ግን እንግሊዝኛ አልችልም ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? ዜግነቴን ያገኘሁት ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ኢንተርቪው ላይ ያለ አስተርጓሚ ቁጭ ብዬ መልሻለሁ። ደግሞ ያኔ ከምናጠናቸው 100 ጥያቄዎች 49ኛውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የአሜሪካ ዜጎች ብቻ ያለባቸው ኃላፊነት ምንድን ነው ይላል። መልሱ ሁለት ነው። በፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠት፣ ወይም በጁሪ ማገልገል። አንዱን ብትናገሪ ይበቃል። እኔ ምርጫውን ነበር የሸመደድኩት፣ ስለሚቀለኝ። ሁለተኛው መልስ ግን እራሱ ቤቴ ድረስ መጣ።

በመጨረሻ አንድ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ፣ መብራት አብርቼ፣ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የመጀመሪያው ነገር ወዲያው ገባኝ። ነገ ፍርድ ቤት ነይ የሚል መጥሪያ አልነበረም። መጠይቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት ሊጠሩ የሚችሉ ሰዎችን ዝርዝር ያዘጋጃል። ስማችንን የሚያገኙት ለምርጫ ከተመዘገበ ሰውና መንጃ ፈቃድ ካለው ሰው ዝርዝር ነው። ከዚያ ‹‹ለጁሪ ብቁ ነሽ ወይ? ነፃ የሚያደርግሽ ምክንያት አለሽ ወይ?›› እያለ የሚጠይቅ ወረቀት ይልካል። መጥሪያው ራሱ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ምናልባትም ላይመጣ ይችላል። ያ አሥር ቀን ሙሉ ያስጨነቀኝ ወረቀት የሚፈልገው መልስ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከወረቀቱ ጀርባ በትናንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር። የቨርጂኒያ ሕግ ‹‹ከጠየቁ ነፃ የሚሆኑ›› ብሎ ከዘረዘራቸው ሰዎች መካከል ጡት የምታጠባ እናት አለች። እንዲያው በደፈናው አይደለም፣ በግልጽ ተጽፋለች። ቀጥሎ ደግሞ 16 ዓመት ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ያለው፣ ልጁም በፍርድ ቤቱ የሥራ ሰዓት የእሱን የራሱን የማያቋርጥ እንክብካቤ የሚፈልግ ሰው አለ። አካሉ ወይም አእምሮው የተጎዳ ሰው በቀኑ ሰዓት የሚንከባከብም እንዲሁ። ከ70 ዓመት በላይ የሆነም እንዲሁ።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ አለቀስኩ። ከድካም ይሁን ከደስታ አላውቅም። ጡት ማጥባቴን ያወቀ ሕግ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ በይ። ‹‹ከጠየቁ››። ካልጠየቅሽ ማንም በራሱ አውቆ አይተውሽም። ኮምፒዩተራቸው ልጅ እንዳለሽ አያውቅም። ወረቀቱን የጣለችው ጓደኛዬ ሕጉ የሰጣትን መብት ነው አብራ የጣለችው። መጠይቁን ብቻ ሳይሆን መጥሪያውን ራሱን ጥሎ የቀረ ሰው ደግሞ ቅጣት አለው። የቨርጂኒያ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ለቀረ ሰው ከ50 እስከ 200 ዶላር ይላል። ገንዘቡ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ልጅ ይዞ ‹‹ለምን ቀረሽ›› ተብሎ ዳኛ ፊት መቆም ግን ማን ይፈልጋል?

ሞላሁትና ላክሁት። የጻፍኩት ሦስት መስመር ነው። የሰባት ወር ልጅ አጠባለሁ። የሦስት ዓመት ልጅም አለችኝ። ቀን ቀን ሁለቱንም የምይዘው እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ማታ ሠርቶ ቀን ይተኛል። የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ አያያዝኩ። አልጠየቁኝም፣ ለልቤ ብዬ ነው። ከመላኬ በፊት ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ይህን ሁልጊዜ አድርጊ። በዚያ ዓመት ማንም አልጠራኝም።

ታሪኬ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ምክሬ አጭር ነበር። አንብቢው፣ ሙዪው፣ በጊዜው ላኪው። ግን ደብዳቤው ተመልሶ መጣ።

በ2018 መጨረሻ መጠይቁ እንደገና መጣ። በ2019 ሜይ ደግሞ ትክክለኛው መጥሪያ ተከተለ። አሁን ነገሩ ተለውጧል። ትልቋ ኪንደርጋርተን ገብታለች። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዴይኬር፣ የልጆች መዋያ፣ ይውላል። እኔ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ቀን ቀን መሥራት ጀምሬያለሁ። አሁንም ‹‹ትንንሽ ልጆች አሉኝ›› ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ሕጉ የሚለው ልጅ ያለው ሰው ሁሉ አይደለም። በዚያ ሰዓት ልጁን ራሱ የሚይዝ ሰው ነው። የኔ ልጆች በዚያ ሰዓት እኔ ጋ አይደሉም። ፈርሜ የምልከው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ነፃ አድርጉኝ አላልኩም።

የጠየቅኩት ቀን እንዲቀየርልኝ ነው። ይህንንም ብዙ ሰው አያውቅም። መጥሪያው ያረፈበት ሳምንት የዴይኬሩ አስተማሪዎች ስልጠና ስለነበራቸው ሁለት ቀን ዝግ ነበር። ክለርኩ ቢሮ፣ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ደወልኩ። መጀመሪያ ቀን ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ሦስቴ ሞክሬ አንዲት ሴትዮ አነሳች። ነገሩን ነገርኳት። ‹‹መቼ ይመችሻል?›› አለችኝ። በቃ፣ ይኼው ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አደረገችው። በኢሜይል ማረጋገጫ ላኪልኝ አልኳት፣ ላከችልኝ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ያደረግሁትን በዝርዝር ልንገርሽ፣ የጠቀመኝ እሱ ስለሆነ። ሥራ ቦታዬ መጥሪያውን ኮፒ አድርጌ ሰጠሁ። ባለቤቴ የዚያን ሳምንት ሁለት ማታ ኦፍ ወሰደ፣ ልጆቹን ጠዋት እንዲያደርስ። ለከሰዓት ደግሞ እዚያው አፓርታማችን ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ለመንኩ። እትዬ ነው የምላቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ይይዛሉ፣ ልጆቼም ይወዷቸዋል። ‹‹ሂጂ ልጄ፣ መንግሥት ጠርቶሽ እኔ ልከለክልሽ ነው?›› አሉኝ። ዴይኬር ልጅ እንዲያነሳ የተፈቀደለት ሰው ዝርዝር አለ። የእሳቸውን ስም ለማስገባት አስቤ ረሳሁት። ይህ በኋላ ጣጣ ሆኖብኛል።

ከመሄድሽ በፊት በነበረው ምሽት ማረጋገጥ አለብሽ። በእኛ ካውንቲ ስልክ ደውለሽ ወይም ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ፣ መጥሪያሽ ላይ ያለውን ቁጥር ታያለሽ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ በስምምነት ያልቅና ‹‹ነገ አትምጡ›› ይላል። ስለዚህ ለቤቢሲተር ገንዘብ አስቀድመሽ አትክፈዪ። ‹‹ማታ እደውልልሻለሁ›› በያት። የኔ ቁጥር ግን ተጠርቷል።

ጠዋት 8 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። የማወራው በአሜሪካ ሰዓት ነው። ፍተሻ አልፈን አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ገባን። ልብስ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሰጡን። ቴሌቪዥን ድምፁ ተቀንሶ ይታያል። ሰው ሁሉ ስልኩን አቀርቅሮ ይነካካል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር፣ ልጆቼ እንዳይርባቸው ሁሌ የምይዘው። አጠገቤ ለተቀመጡ ሽማግሌ ሰጠኋቸው፣ በሉ። ‹‹ምንድን ነው ይሄ?›› እያሉ ጨረሱት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት እናት ጋሪ እየገፋች ገባች። ጋሪው ውስጥ ዓመት ከምናምን የሚሆነው ልጅ ተኝቷል። ሴትዮዋ አልቧታል። ‹‹የሚይዝልኝ ሰው የለም፣ እንዳልቀጣ ብዬ ይዤው መጣሁ›› ስትል ሰማኋት። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ልጅ ይዞ ጁሪ መቀመጥ እንደማይቻል ነገረቻት። የልጆች ማቆያም የላቸውም። አልተቆጣቻትም። አንድ ፎርም ሰጠቻት፣ እዚያው ቆማ ሞላች፣ ነፃ ተብላ ሄደች። በአሥር ደቂቃ አለቀ። ያቺ ሴት ያንን ፎርም ከቤቷ ሆና ብትልከው ኖሮ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጋሪ ተሸክማ አትመጣም ነበር። ስትወጣ አየኋትና እኔን መሰለችኝ። የ2016ቷን እኔን።

አሥራ ሦስት ሰዎችን ጠርተው ወደ ችሎቱ አስገቡን። ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። በቨርጂኒያ እንደዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሰባት ጁሪ ይበቃዋል። ከአሥራ ሦስቱ ከሳሽ ሦስት ሰው ያስወጣል፣ ተከሳሽም ሦስት ያስወጣል፣ ሰባት ይቀራል። ከባድ ወንጀል ሲሆን ከሃያ ሰው ተጀምሮ አሥራ ሁለት ነው የሚቀረው። ዳኛዋ ሴት ነበሩ። ጠበቆቹ ተራ በተራ ጠየቁን። የመኪና አደጋ ደርሶባችሁ ያውቃል? ከኢንሹራንስ ጋር ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? ልባችሁ እዚህ እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር ያለው ሰው አለ?

እጄን አነሳሁ። ልቤ ይመታል። ‹‹ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንሹን ከምሽቱ 6 ሰዓት በፊት ማንሳት አለብኝ። ከዚያ ካለፈ ጭንቅላቴ እሱ ጋ ነው የሚሆነው›› አልኩ። ዳኛዋ አመሰገኑኝና ‹‹አብዛኛውን ቀን 5 ሰዓት ላይ እንለቃለን፣ የሚዘገይ ከሆነ ለደፑቲው ንገሪው›› አሉኝ። ደፑቲው የፍርድ ቤቱ ጠባቂ ነው። ያስወጡኛል ብዬ ነበር። አላስወጡኝም። ከሰባቱ አንዷ ሆንኩ።

የሰዎች ኑሮ ስለሆነ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ አላወራም፣ አንዳንዱንም ለውጫለሁ። አንዲት ሴት ቆማ ሳለ ከኋላ መኪና ገጫት። አንገቷን አመማት። ገጪው ጥፋቱን አምኗል። ክርክሩ ምን ያህል ተጎዳች የሚለው ላይ ነው። የተከሳሽ ጠበቃ አንድ ነገር ላይ ደጋግሞ ቆመ። ሴትዮዋ ለፊዚካል ቴራፒ ስትመላለስ ቆይታ በመካከል ስድስት ሳምንት ቀርታለች። ‹‹ቢያማት ኖሮ ስድስት ሳምንት ትቀር ነበር?›› አለ። ጥሩ ይናገራል። እኔም ሳዳምጠው ‹‹እውነቱን ነው›› ብያለሁ፣ መጀመሪያ ላይ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማስረጃው ሁሉ አለቀ። ሰባታችንን ለምክክር አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ስልኮቻችንን ደፑቲው ሰበሰበ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መሆን አለበት፣ አንድ ሰው ካልተስማማ አያልቅም። ስድስቱ አወሩ፣ እኔ ዝም አልኩ። አነጋገሬ ያሳፍረኝ ነበር። ሥራ ቦታ ሳወራ ‹‹ምን አልሽ?›› ይሉኛል፣ ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ማለት ለምዶብኛል። አብዛኛው ሰው ያ የስድስት ሳምንት ነገር ላይ ቆሟል። ‹‹አልታመመችም ማለት ነው›› እያሉ ነው።

ያ ዳቦ ቆሎ የሰጠኋቸው ሽማግሌም ተመርጠው ነበር። ወደ እኔ ዞረው ‹‹አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?›› አሉ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሴትዮዋ ስትመሰክር በመካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራለች። በዚያ በጋ ዴይኬሩ ተዘግቶብኝ ልጆቹ ቤት ነበሩ ብላለች። ጠበቆቹ ሳያነሱት አልፈውታል። እኔ ግን ሰምቻታለሁ። ‹‹ልጆቿን ለማን ትታ ትሄዳለች?›› አልኩ። ‹‹እኔ ትንሹን ከወለድኩ በኋላ ወገቤን ያመኝ ነበር። ሐኪሙ ቴራፒ ሂጂ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ አቆምኩ። ስለዳንኩ አይደለም። ልጆቹን የሚይዝልኝ ስለሌለ ነው። ወገቤ እስከ ዛሬ ያመኛል።›› ክፍሉ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። አንዷ ሴት ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ማስታወሻ ይዛ ስለነበር ገልጣ ፈለገች። ‹‹እውነት ነው፣ ብላለች፣ እዚህ ጽፌዋለሁ›› አለች።

ሁሉንም አሳመንኩ አልልም። የጠየቀችውን ያህል አልፈረድንላትም፤ ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። ነገር ግን ያ ስድስት ሳምንት ከዚያ በኋላ እንደ ውሸት አልተቆጠረባትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ አስቀምጦ መሄድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ይቆጠርባት ነበር። ወደ ቤት ስሄድ መኪና ውስጥ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው።

መሄዴ ግን ቀላል አልነበረም። ገና እዚያው ክፍል ውስጥ እየተወያየን ሳለ ሰዓቱን ሳየው 5 ከ20 ሆኗል። ስልክ የለኝም። ዴይኬሩ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ባለቤቴ ሥራ ገብቷል። እትዬን ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁም። ላብ ላብ አለኝ። ውይይቱ ሊያልቅ ነው፣ ‹‹ይቅርታ ልጄን ላንሳ›› ማለት ነውር መሰለኝ። ጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብዬ ተሰቃየሁ። ከዚያ ዳኛዋ ያሉት ትዝ አለኝ። ተነስቼ በሩን አንኳኳሁና ለደፑቲው ነገርኩት። ሄዶ ተመለሰ። ‹‹ዳኛዋ ፈቅደዋል፣ እዚህ ሆነሽ ደውዪ›› ብሎ ስልኬን ሰጠኝ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ዴይኬሩ ጋ ደወልኩ። የእትዬን ስም በስልክ አንቀበልም አሉ፤ እናቲቱ ካልፈረመች አይሆንም። ሕጋቸው ነው። ‹‹እንግዲያው እኔ እስክመጣ ይዛችሁ ቆዩልኝ፣ የማስቆያ ሂሳቡን እከፍላለሁ›› አልኳቸው። 5 ከ45 ላይ ውሳኔያችንን አነበቡ። 6 ከ20 ላይ ደረስኩ። በደቂቃ አንድ ዶላር፣ ሃያ ዶላር ከፈልኩ። ልጄ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቦ፣ በሩ ሥር ቁጭ ብሏል። አላለቀሰም። ‹‹እማዬ ተኛሽ?›› ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አባቱ ሲዘገይ ሁሌ ተኝቶ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጅሽን የሚያነሳ ሁለተኛ ሰው፣ ከተቻለም ሦስተኛ፣ በፊርማ አስመዝግቢ። እዚያ ስትሆኚም ዝም አትበዪ። ደፑቲው ለዚህ ነው የቆመው።

ገንዘቡን በተመለከተ ያኔ ቨርጂኒያ በቀን 30 ዶላር ነበር የሚከፍለው፣ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። ለሁለት ቀን 60 ዶላር በፖስታ መጣልኝ። እትዬ አልቀበልም አሉ እንጂ ለልጅ ያዥ ቢሆን ለአንድ ቀን አይበቃም። ይህ ቅር ይለኛል። ሌላ ግዛት ያለሽ ደግሞ የራስሽን ተመልከቺ፣ ይለያያል። ሚኒሶታ ለዴይኬር ያወጣሽውን በተወሰነ መጠን ይመልሳል፣ ስለዚህ ደረሰኝ ያዢ። ካሊፎርኒያ ጡት የምታጠባ እናት ሳትቀርብ እስከ አንድ ዓመት ማራዘም ትችላለች። ደብዳቤው ከፌደራል ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ሕግ ነው፤ የቨርጂኒያው ነፃነት እዚያ አይሠራም፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ምክንያት ፈልገሽ ጠይቂ።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ዜግነት ያላገኘ ሰውም ይህ ደብዳቤ ይመጣለታል። ስሙን ያገኙት ከመንጃ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። ግሪን ካርድ ያለሽ ከሆነ አትጣይው፣ ደግሞም በፍጹም ‹‹ዜጋ ነኝ›› የሚለው ላይ ምልክት እንዳታደርጊ። ‹‹አይደለሁም›› ብለሽ ፈርመሽ ላኪ፣ ኮፒ አስቀሪ። ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት መዘዙ ከአገር እስከ መባረር ይደርሳል። የቅጣት ገንዘብ ክፈዪ እያለ ስልክ የሚደውል አጭበርባሪም አለ። እትዬ ራሳቸው ተደውሎላቸዋል። ‹‹ጁሪ ቀርተሻል፣ ፖሊስ ሳይመጣ በጊፍት ካርድ ክፈይ›› አላቸው። ፍርድ ቤት በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞ እሳቸው 74 ዓመታቸው ነው፣ ነፃ መሆናቸውን ጠይቀው ካጻፉ ቆይተዋል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት።

ባለፈው ወር ደግሞ መጥሪያው ለባለቤቴ መጣ። እሱ አሁንም ማታ ነው የሚሠራው። ‹‹ቀን ፍርድ ቤት ውዬ ማታ እንዴት ልግባ? ኦፍ ብወስድ ቫኬሽኔን ይቆርጡብኛል›› ብሎ ተጨነቀ። አሁን ወረቀት ማንበብ የለመድኩት እኔ ነኝ። የቨርጂኒያ ሕግ ለዚህም መልስ አለው። አንድ ሰው መንገዱን ጨምሮ አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ለጁሪ ካዋለ፣ አሠሪው በዚያው ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ወይም በማግስቱ ከሌሊቱ 3 ሰዓት በፊት የሚጀምር ሺፍት እንዲገባ ሊያስገድደው አይችልም። ቫኬሽኑን ወይም የሕመም ፈቃዱን ተጠቀም ብሎም ማስገደድ አይችልም። የዚያን ማታ ደሞዝ ይከፍላል ማለት ግን አይደለም፣ ያንን ማወቅ አለባችሁ። አስቀድሞ ማሳወቅም የሠራተኛው ግዴታ ነው።

ባለቤቴ መጥሪያውን ኮፒ አድርጎ ለሱፐርቫይዘሩ ሰጠው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስኬጁሉን ከግድግዳው ላይ አውርዶ፣ በእስክሪብቶ የባለቤቴን ስም ሰረዘና ‹‹ማክሰኞና ረቡዕ ማታ አትምጣ›› አለው።